ኦንላይን ስናስተምር ግማሹ ተማሪ የት ገባ?

ጥያቄ፦ «አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። በ2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲዘጋ በቴሌግራም አስተምረን ነበር። ሁለተኛው ወር ላይ ግማሹ ተማሪ ጠፋብን። አሁን ርዕሰ መምህሩ ‹ትምህርት ቤቱ ድንገት ቢዘጋ የምንሠራበት የኦንላይን ዕቅድ አዘጋጂ› ብለውኛል። የእሳቸው ሐሳብ ዙም እንግዛ ነው። ያኔ ያስቸገረን ኔትወርክ ብቻ ነበር? ከየት ልጀምር?»

መልስ፦

መምህርት፣ በቅድሚያ ዙሙን ለጊዜው ይተዉት። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ኔትወርክ አስቸግሯል፤ ይሄ አያከራክርም። ነገር ግን ዋይፋይ ባለበት ቤት የነበሩ ልጆችም ጠፍተዋል። የመምህራን ሥልጠና ላይ ነው የምሠራው። ስለዚያ ጊዜ ሲነሳ ከአዲስ አበባም፣ ከሐዋሳም፣ ከባሕር ዳርም የሚመጡ መምህራን የሚያወሩት ተመሳሳይ ነው። ትምህርቱ ወደ ልጁ የሚሄድበት መንገድ ነበረው። የልጁ ሥራ ወደ መምህሩ የሚመለስበት መንገድ ግን አልነበረም፤ ቢኖርም በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጨናንቆ ተዘጋ። ስለዚህ ዕቅድዎን በዚህ ጥያቄ ይጀምሩ፦ ልጁ የሠራው ነገር እጄ የሚገባው በምን በኩል ነው? መተግበሪያ የሚመረጠው ይሄ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ያስታውሱታል። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተገኘ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የተባለው ለ15 ቀን ነው። በአገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ገባ። መምህሩም ያሰበው ለ15 ቀን ነው። ወርክሺት አዘጋጀ፣ ፒዲኤፍ አደረገ፣ ግሩፕ ላይ ለቀቀ። ለ15 ቀን ይሄ በቂ ነበር። ችግሩ 15 ቀኑ አልፎ ወራት ሲመጡም አሠራሩ ያው መሆኑ ነው። ለአጭር ጊዜ ማሻገሪያ የታሰበው ነገር ሳይታወቅ ዋናው ትምህርት ሆነ። ቆም ብሎ «እንዲህ ከቀጠለ ምን እናድርግ?» ለማለት ጊዜ ያገኘ ትምህርት ቤት ጥቂት ነው።

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ትምህርቱ በአብዛኛው በሬዲዮና በቴሌቪዥን መጣ። ብዙ መምህር ከተማሪው ጋር ጭራሽ ሳይገናኝ ወራት አለፉ። የግል ትምህርት ቤት መምህር ደግሞ በተቃራኒው ከስልኩ መላቀቅ አልቻለም።

አንድ የማይወራ ነገር ልናገር። ያኔ የግል ትምህርት ቤቶች ከወርሃዊ ክፍያው ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲያስከፍሉ ተፈቀደ። ወላጅ «ልጄ ቤት ተቀምጦ ለምኑ ነው የምከፍለው?» አለ። ትምህርት ቤቱም እየሠራ መሆኑን ማሳየት ነበረበት። ታዲያ በምን ያሳይ? በሚላከው ወረቀት ብዛት። መምህራን በየቀኑ እንዲልኩ ታዘዙ። አንዳንዱ ቦታ ያልላከ መምህር ይጠየቃል፤ ልጁ ገብቶት እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። ያ ሁሉ ፒዲኤፍ ከተማሪው ይልቅ ለከፋዩ ዓይን የተዘጋጀ ነበር ብል ብዙ መምህር የሚቆጣኝ አይመስለኝም። በአራት የትምህርት ዓይነት በቀን አራት ፋይል የወረደበት የ11 ዓመት ልጅ ምን ያድርግ? በመጀመሪያው ሳምንት ይሠራል። በሁለተኛው ይጠራቀምበታል። በሦስተኛው ግሩፑን ሚዩት ያደርገዋል። ልጁ ሰንፎ አይደለም፤ ዕዳው ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት ነው።

መምህሩ ይሄን ለምን አላየም? ክፍል ውስጥ ቢሆን ያይ ነበር። እርስዎ ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ዞር ሲሉ ማን እንደተከተለ፣ ማን እንደደነዘዘ፣ ማን የጎኑን ደብተር እያየ እንደሚገለብጥ ያውቃሉ። ማንም ሳይነግርዎት ነው። ከዚያም ምሳሌ ይቀይራሉ፣ ይደግማሉ፣ የኋላውን ልጅ ያስነሳሉ። የማስተማር ግማሹ ይሄ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚታየው ከመልዕክቱ ሥር ያለች የዓይን ምልክትና ቁጥር ብቻ ናት። ቻናሉ ላይ 40 ሰው አይቶታል ትላለች። ከ40ው ስንቱ እናት ናት፣ ስንቱ ከፍቶ የዘጋ ነው፣ ስንቱ አነበበ፣ አትነግርም። ብዙ መምህር ያቺን ቁጥር አምኖ ቀጥሏል።

በዕድሜ ገፋ ያልን መምህራን ይሄን በሽታ ከዚያ በፊት እናውቀዋለን፤ ፕላዝማ ነው። በ1997 አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ሲገባ፣ የስክሪኑ መምህር በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ከዚያ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ተማሪው ገና ጥያቄውን እየጻፈ ነው። የክፍሉ መምህር ደግሞ ማስቆም አይችልም። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥታው ጥግ ይዞ ይቆማል። መሣሪያው ውድ ነበር፣ ትምህርቱም በደንብ የተዘጋጀ ነበር። የጎደለው «ቲቸር፣ እዚህ ጋ አልገባኝም» የሚባልበት ቦታ ነው። በኮሮና ጊዜ በስልክ የደገምነው ይሄንኑ ነው።

አሁን ወደ ኔትወርኩ ልምጣ፤ ምክንያቱም ርዕሰ መምህሩን ማሳመን ያለብዎት እዚህ ላይ ነው። ቁጥር ይያዙ። የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት በቀላሉ ከግማሽ ጊጋ በላይ ይበላል። በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ቢሆን ለአንድ ልጅ በቀን ከ1.5 ጊጋ በላይ ነው። ሁለት ልጅ ያለው ቤት እጥፍ። ይሄን በወር አባዙትና ከአንድ ወላጅ የካርድ ወጪ ጋር አነጻጽሩት። አምስት ደቂቃ የሚሆን የቴሌግራም ድምፅ መልዕክት ግን ከአንድ ሁለት ሜጋ አይበልጥም። ልጁ አምስት ጊዜ ደግሞ ቢሰማው ሌላ ወጪ የለውም። መብራት ቢጠፋም ካወረደው በኋላ ያዳምጠዋል። ዙም ላይ የመብራት መጥፋት ማለት የዛሬው ክፍለ ጊዜ ሄደ ማለት ነው።

ሌላው ነገር ስልኩ የማን ነው የሚለው ነው። ስማርት ስልክ ያለው አባት ነው እንበል። አባት ጠዋት ይዞት ይወጣል። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሳል። ስልኩ ቻርጅ ይደረጋል፣ አባት ዜና ያያል፣ ትልቋ ልጅ የ8ኛ ክፍል ስለሆነች ቅድሚያ ይሰጣታል። የእርስዎ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ስልኩን የሚያገኘው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ እንቅልፉ መጥቷል። እርስዎ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ «ማን አለ? ፕረዘንት በሉ» ሲሉ ይሄ ልጅ ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል። ጎበዝ ተማሪ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ያጠፋው የኔትወርክ ጥራት አይደለም፤ የሰዓት ምርጫ ነው።

ኢንተርኔት ጭራሽ የማይኖርበትንም ቀን ያስቡ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ ነበር። በኦንላይን ብቻ የቆመ ዕቅድ እንዲህ ባለ ጊዜ ዋጋ የለውም።

የክፍል ደረጃውም ለየብቻ መታየት አለበት። እርስዎ 5ኛና 6ኛ ነዎት፤ ይሄ ዕድለኛ ያደርግዎታል። ልጆችዎ ማንበብ ይችላሉ። የ1ኛ ክፍል ባልደረባዎን ግን ይጠይቋት። ፊደል እየቆጠረ ያለ ልጅ ፒዲኤፍ አያነብም። የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው እናት ናት፣ እናት ደግሞ ሥራ አላት ወይም ራሷ አልተማረችም። ልጁ «ሀ»ን ሲጽፍ እርሳሱን እንዴት እንደያዘ፣ ከየት ጀምሮ እንደጻፈ በፎቶ አይታይም። የሚታየው ያለቀው ፊደል ነው፤ እሱንም እህቱ እጁን ይዛ አጽፋው ይሆናል። ትምህርት ቤት ሲከፈት ከሁሉም በላይ የተጎዱት እነዚህ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ለእነሱ የሚሆን የኦንላይን ዕቅድ የለም፤ የሚሠራው ወረቀትና የስልክ ጥሪ ነው። 12ኛ ክፍሎች በሌላው ጫፍ ናቸው፤ ዓላማ አላቸው፣ ፈተናው ይጠብቃቸዋል፣ እርስ በርስ ይረዳዳሉ። እነሱም ቢሆኑ የጠበቁት ፈተና የተሰጠው በ2013 የካቲት መጨረሻና መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነው። በታብሌት ይሰጣል ተብሎ ታቅዶ በመጨረሻ በወረቀት ሆነ።

ስለ መምህሩ ኑሮም ካልጻፉ ዕቅዱ ዕቅድ አይሆንም። አንድ ወርክሺት ልከው ልጆቹ በፎቶ ይመልሱ አሉ እንበል። አራት ሴክሽን፣ በእያንዳንዱ 40 ልጅ፣ ለአንድ ልጅ ሁለት ገጽ። 320 ፎቶ ነው። ግማሹ የተዘቀዘቀ፣ ጥላ ያረፈበት፣ ስም ያልተጻፈበት። በራስዎ ስልክ፣ በራስዎ ካርድ። ስልኩ «ሜሞሪ ሞልቷል» ይላል፤ የራስዎን ልጆች ፎቶ እያጠፉ የሰውን ልጅ ደብተር ያስቀምጣሉ። ሲያርሙ ደግሞ 12 ልጅ አንድ ዓይነት መልስ፣ አንድ ዓይነት ስህተት። መልሱ በልጆቹ የራሳቸው ግሩፕ ላይ ዞሯል። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ወላጅ ይደውላል፤ «ቲቸር፣ የላክነው ደርሷል?» ሴት መምህራን ላይ ደግሞ ጭነቱ እጥፍ ነበር። የራሷ ልጆች ቤት ናቸው፣ እነሱም ስልክ ይፈልጋሉ፣ ወጡም ይጠብቃታል። ደመወዛቸው የተቆረጠና ጭራሽ ያልተከፈላቸውም ነበሩ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሁለተኛው ወር ላይ የዛለው ተማሪው ብቻ አይደለም።

እሺ፣ ምን ይደረግ? እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ክፍት እያለ፣ ምዝገባ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቅጽ አስሞላለሁ። ስልክ ቁጥር ሁሉም ትምህርት ቤት አለው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ስማርት ነው ወይስ ተራ ስልክ? ልጁ እጅ የሚገባው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ቤት ውስጥ ስንት ተማሪ ይጋራዋል? ማንበብና መጻፍ የሚችል አዋቂ በየትኛው ሰዓት ቤት ይገኛል? ሬዲዮ አለ? ይሄ ቅጽ ካለ በመጀመሪያው ቀን ማን ቀድሞ እንደሚጠፋ አስቀድመው ያውቃሉ።

ከዚያ የይዘቱን መጠን እቆርጣለሁ፤ ርዕሰ መምህሩ የሚከራከሩዎት እዚህ ነው። በሳምንት ለአንድ ትምህርት አንድ ሐሳብ፣ አንድ ሥራ። መጽሐፉን አይጨርስም ይባላል። እውነት ነው፣ አይጨርስም። በ2012ም አልጨረሰም። ተማሪው ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛውሮ በማካካሻ ትምህርት ነው ነገሩ የተሸፈነው። በሳምንት አንድ ነገር የሠራና ሥራው የታየለት ልጅ፣ ሃያ ፋይል ከተጠራቀመበት ልጅ በጣም ይሻላል።

ሥራው ራሱ የማይገለበጥ ይሁን። እርስዎ ሳይንስ ስለሆኑ ይቀልዎታል። እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ያገኘውን ዱላ፣ ርዝመቱ የፈለገው ይሁን፣ ደጅ ላይ ተክሎ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ቀን ስድስት ሰዓትና አሥር ሰዓት ላይ የጥላውን ርዝመት ይለካ። ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ አድርጎ በየቀኑ ያየውን በሥዕል ያስቀምጥ። የአንዱ ቁጥርና ሥዕል ከሌላው አይገጥምም፤ ጓደኛው ቢልክለትም አይጠቅመውም። መልሱን በጽሑፍ ፎቶ ሳይሆን በአንድ ደቂቃ ድምፅ ይላክ፦ «ቲቸር፣ ስድስት ሰዓት ላይ ጥላው አጠረ፤ ምክንያቱም...» ብሎ። ከዚያ «ምክንያቱም» በኋላ የሚመጣውን ሲሰሙ ልጁ ገብቶት እንደሆነ ያውቃሉ። እናት ከኋላ ሆና ስትነግረውም ይሰማል፤ እሱም መረጃ ነው።

ስልክ መደወልን አይናቁ። አንድ ሆምሩም መምህር 40 ተማሪ ካለው በቀን ስምንት ልጅ ይደውላል። ለአንድ ልጅ አራት ደቂቃ ቢሆን ግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል። በአምስት ቀን ሁሉም ልጅ አንድ ጊዜ ከመምህሩ ጋር ተነጋገረ ማለት ነው። የሚጠይቀው ስለ ሁሉም ትምህርት ነው እንጂ ስለ ራሱ ብቻ አይደለም፤ አራት መምህር ለየብቻ ቢደውል ወላጅ ስልኩን ማንሳት ያቆማል። ታናናሾቹን «ገጽ 14ን አንብብልኝ» ይላቸዋል፣ ያዳምጣል። ተራ ስልክ ይበቃል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም የስልክ ጥሪ እስካለ ይሄ ይሠራል።

ወረቀትም ይዘጋጅ። የሁለት ሳምንት ሥራ ታትሞ በየክፍሉ በካርቶን ይቀመጥ። ወላጅ በተወሰነለት ሰዓት ከበር ይወስዳል፣ የተሠራውን ይመልሳል። ይሄን ከመዘጋቱ በፊት ማተም ያስፈልጋል፤ ከተዘጋ በኋላ ወረቀትና ቀለም ፍለጋ መሮጥ ምን እንደሚመስል አይተነዋል። ሴራሊዮን በ2012 መጋቢት አካባቢ ትምህርት ስትዘጋ በፍጥነት ወደ ሬዲዮ የገባችው ከዓመታት በፊት በኢቦላ ጊዜ ጀምራው ስለነበር ነው። ልምዱ፣ ሰዎቹ ነበሩ። ኡጋንዳ ደግሞ ትምህርት ቤቶቿን ሙሉ በሙሉ የከፈተችው በጥር 2014 ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። «ለ15 ቀን» ብሎ ማቀድ አደገኛ መሆኑን ይሄ ያሳያል።

ለመምህራን የሥራ ሰዓት ይጻፍ። ለምሳሌ ከማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ወላጅ መደወል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ነገ። የማታውን ሰዓት የመረጥኩት ስልኩ ቤት የሚገባው ያኔ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ ጠዋቱ ለመምህሩ ዕረፍት ይሁን። የካርድና የዳታ ወጪ የትምህርት ቤቱ ይሁን። ቢቻል ለሥራ ብቻ የሚሆን ሲም ካርድ። የመምህርት የግል ቁጥር 160 ቤት ውስጥ መዞሩ በተለይ ለሴት መምህራን የሚያመጣውን ጣጣ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

ልምምድም ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ መንፈቅ አንድ ቅዳሜ ይምረጡና ትምህርት ቤቱ እንደተዘጋ ቆጥረው ይሥሩ። መልዕክት ላኩ፣ ደውሉ፣ ሥራ ተቀበሉ። ሰኞ ስንቱ እንደተመለሰ ይቆጠር። ያልመለሱትን ክፍል ውስጥ ጠርተው «ምን ሆነህ ነው?» ይበሏቸው። እውነተኛው መዘጋት ሲመጣ ይሄን መጠየቅ አይችሉም።

አሁን ዙም። ለመምህራን ስብሰባ ጥሩ ነው። ዳታ ላላቸው ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍሎች በሳምንት አንድ ቀን ለጥያቄና መልስ ብቻ ቢውል አልቃወምም። ለማስረዳት ሳይሆን ለጥያቄ። ለ5ኛ ክፍል ግን ገንዘቡን ባታወጡ ይሻላል። ርዕሰ መምህሩ «ወላጅ ዘመናዊ ነገር ይፈልጋል» ካሉዎት፣ የዓመቱን የዙም ክፍያና የመምህራኑን የካርድ ወጪ ጎን ለጎን በአንድ ገጽ ጽፈው ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጡ። የካርዱን በጀት በፊርማ ካላጸደቁ ደግሞ ዕቅዱን ያዘጋጀችው መምህርት ብለው የእርስዎን ስም እንዳያሰፍሩበት ይንገሯቸው።